ቃሉን ከነጎረቤቱ፦ የላቀ የእንግሊዝኛ ቃላት ችሎታ ለመገንባት ዝርዝር መመሪያ

ጅማ ውስጥ «ኮንትራት» የሚለውን ቃል የማያውቅ የለም። ማታ ከመናኸሪያ ዕቃ ተሸክሞ የሚወጣ መንገደኛ ባጃጅ በኮንትራት ይይዛል፤ ቤት የሚያሠራ ሰውም ከአናጢው ጋር ኮንትራት ይዋዋላል። ያው ሰው ግን ፈተና ላይ «ሺ ኮንትራክትድ ማላሪያ» የሚል ዓረፍተ ነገር ሲገጥመው ግራ ይገባዋል። ከወባ ጋር ምን ዓይነት ውል ነው? እዚህ ቦታ ቃሉ «በበሽታው ተያዘች» ማለት ነው። ባዮሎጂ መጽሐፍ ላይ ስለ ጡንቻ ሲወራ ደግሞ «ተኮማተረ» ይሆናል።

መካከለኛ ደረጃ ላይ ደርሶ እዚያው የቆመ ሰው ችግሩ ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። የጎደለው ብርቅዬ ቃል አይደለም። «አውቀዋለሁ» ብሎ ያለፋቸው፣ አንድ ትርጉማቸውን ብቻ የያዘላቸው፣ አንብቦ የሚረዳቸው ግን ጽፎ የማያውቃቸው ቃላት ናቸው ወደ ኋላ የሚጎትቱት። በኦሮሚያ እስከ 8ኛ ክፍል በአፍ መፍቻ ቋንቋው የተማረ ልጅ 9ኛ ክፍል ሲገባ ሁሉም ትምህርት በአንድ ጊዜ ወደ እንግሊዝኛ ይዞርበታል። ቃላቱን ለፈተና ያህል፣ በጥድፊያ፣ በግማሹ ቢይዛቸው አይገርምም።

ይህ መመሪያ 12ኛ ክፍልን ለጨረሰና ከዚያ በላይ ላለ ሰው ነው፦ ለዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ ሪፖርት በእንግሊዝኛ ለሚጽፍ ሠራተኛ፣ ከውጭ ገዢ ጋር ለሚጻጻፍ የቡና ነጋዴ። በቀን 45 ደቂቃ፣ ወረቀት ወይም ስልክ፣ እና የአንድ ዓመት ትዕግሥት ይጠይቃል። የእንግሊዝኛ ቃላቱን እዚህ በፊደላችን የጻፍናቸው ለንባብ እንዲመች ብቻ ነው። እናንተ ስታጠኑ በእንግሊዝኛው ሆሄ ጻፏቸው፤ ምክንያቱን ወደ ታች እንመጣበታለን።

ልካችሁን እወቁ

በእርግጥ ልታነቡት የሚገባችሁን ጽሑፍ አምጡ፦ የኮርስ መጽሐፍ፣ የሥራ ሰነድ፣ የምርምር ጽሑፍ። ከመካከሉ 200 ቃል ቁጠሩ። መዝገበ ቃላት ሳትከፍቱ፣ የማታውቁትን ቃል ሁሉ አስምሩበት። ያሰመራችሁት 4 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ከጽሑፉ 98 ከመቶውን ታውቃላችሁ፤ ያለ ረዳት ማንበብ ትችላላችሁ። እስከ 10 ከሆነ 95 ከመቶ አካባቢ ናችሁ፤ ይገባችኋል፣ ግን ያደክማችኋል። ከ20 ካለፈ ያ ጽሑፍ ለጊዜው የቃላት መማሪያ አይሆንም። ከአሥር ቃል አንዱ ሲጠፋ የጠፋውን ከዙሪያው መገመት አይቻልም፤ ዙሪያውም ራሱ ጠፍቷልና። ቀለል ያለ ጽሑፍ ፈልጉ።

ቀጥሎ ያንኑ ገጽ በድጋሚ እዩ። አሁን የምታውቋቸውን ነገር ግን «ዛሬ ማታ በዚህ ቃል ዓረፍተ ነገር ጻፍ» ብትባሉ የማትደፍሯቸውን ቃላት አክብቡ። የተከበቡት አብዛኛውን ጊዜ ከተሰመረባቸው ይበዛሉ። የመጀመሪያዎቹ ወራት ሥራችሁ እነዚያ ላይ ነው።

መድረሻው የት እንደሆነ ማወቅም ይጠቅማል። የኒውዚላንዱ የቃላት ተመራማሪ ፖል ኔሽን እ.ኤ.አ. በ2006 ባወጣው ስሌት፣ ጋዜጣና ልብ ወለድ ያለ መዝገበ ቃላት ለማንበብ ከ8,000 እስከ 9,000 የቃል ቤተሰብ ያስፈልጋል፤ ንግግርን ለመከታተል ከ6,000 እስከ 7,000 ይበቃል። «የቃል ቤተሰብ» ማለት ሥሩና ልጆቹ አንድ ላይ ሲቆጠሩ ነው፤ «ዲሳይድ»፣ «ዲሲዥን»፣ «ዲሳይሲቭ» አንድ ቤት ናቸው። ቁጥሩ የሚያስደነግጥ ቢመስልም ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰ ሰው ከዜሮ አይነሣም።

የትኛው ቃል ይቅደም

መዝገበ ቃላትን ከመጀመሪያው ሆሄ ጀምሮ የሚሸመድድ ተማሪ በየካምፓሱ አለ። ጽናቱ የሚደነቅ ቢሆንም ዘዴው ሁለት ጊዜ ይጎዳዋል። አንደኛ፣ በዓመት አንዴ የማያገኘውን ቃል በየቀኑ ከሚያስፈልገው ጋር እኩል ይደክምበታል። ሁለተኛ፣ አጀማመራቸው የሚመሳሰል ቃላት ጎን ለጎን ሲጠኑ ይደባለቃሉ፤ «አዳፕት» እና «አዶፕት» በአንድ ምሽት ከተጠኑ ለወራት ሲምታቱ ይኖራሉ።

በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ። መጀመሪያ በጣም የተለመዱትን 2,000 እስከ 3,000 ቃላት ፈትሹ፤ እዚህ ሥራው መማር ሳይሆን ቀዳዳ መድፈን ነው። ከዚያ የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር ይመጣል። ተመራማሪዋ አቬሪል ኮክስሄድ እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣችው ይህ ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦች ሲኖሩት በ10 ምድብ ተከፍሏል፤ ዘጠኙ 60 60፣ የመጨረሻው 30። ከአካዳሚክ ጽሑፍ ወደ 10 ከመቶ የሚሆነውን ቃል የሚሸፍነው ይህ ትንሽ ዝርዝር ነው፤ ኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛል። የመጀመሪያውን ምድብ ብታዩ «ኤክስፖርት»፣ «ሌበር»፣ «ኢንካም»፣ «ፖሊሲ»፣ «ሴክተር» የሚሉ ጅማ በአማርኛ ሲነጋገር የሚጠቀምባቸው ቃላት ታገኛላችሁ። «ኮንትራክት»ም እዚያው ነው። ከዚህ በኋላ የሙያችሁ ቃላት ይከተላሉ። ቀሪውን ንባብ ራሱ ያመጣዋል።

ከንባብ የሚመጣ ቃል ሁሉ ግን ካርድ አይገባውም። በሁለት የተለያዩ ቦታዎች ካጋጠማችሁ፣ ወይም ከ570ው ውስጥ ከሆነ፣ ወይም ሙያችሁን የሚነካ ከሆነ ውሰዱት። ካልሆነ እለፉት፤ የሚፈለግ ከሆነ ተመልሶ ይመጣል።

ተቃራኒዎችንና ተመሳሳዮችንም በአንድ ቀን አታጥኑ። ትምህርት ቤት ጥንድ ጥንድ አድርጎ ማስተማር ይወዳል፤ አእምሮ ግን አዲስ ጥንድ ሲሰጠው የቱ የቱ እንደሆነ ይጠፋበታል። አንዱን አጽኑ፣ ሌላውን ከሁለት ሳምንት በኋላ አምጡ።

መጠኑስ? በቀን 7 አዲስ ቃል፣ በሳምንት 6 ቀን። ይህ በሳምንት 42፣ በ48 ሳምንት 2,016 ቃል ነው። ለ30 ቃል የሚሆን ጉልበት መጀመሪያው ሳምንት ላይ ሁሉም ሰው አለው። የሚገድለው ክለሳው ነው፤ አዲሱ በጨመረ ቁጥር የሚከለሰው ይከመራል፣ በሦስተኛው ሳምንት ቁልሉን ያየ ሰው ካርዱን አልጋ ሥር ወርውሮ ይተዋል።

ካርዱን መሥራት

ከፎቶ ኮፒ ቤት ወፍራም ኤ4 ወረቀት ግዙ። ሦስት ጊዜ እጠፉትና ቁረጡት፤ በግምት 10.5 በ7.4 ሴንቲ ሜትር የሆኑ 8 ካርዶች ይወጡታል። 6 ወረቀት 48 ካርድ ይሰጣል፤ ለሳምንቱ በቅቶ ለተበላሸ ምትክ 6 ይተርፋል። በእስክሪብቶ ጻፉ፤ በጠቋሚ ማርከር የተጻፈ በጅማ ክረምት እርጥበት ይፈስሳል። ማስቀመጫው ክዳን ያለው የብስኩት ቆርቆሮ ቢሆን ይመረጣል፤ የጫማ ካርቶንም ይሠራል፣ ሐምሌ ላይ ወለል ካልነካ።

የፊት ገጹ ላይ ቃሉን አትጻፉ። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ነው፦ ፊት ለፊት እንግሊዝኛ፣ ከኋላ አማርኛ። እንዲህ ያለ ካርድ ቃሉን ሲያዩት ለማወቅ ያሠለጥናል እንጂ ሲፈልጉት ለማውጣት አያሠለጥንም። በፊት ገጹ ላይ ከንባባችሁ የተወሰደ አጭር ዓረፍተ ነገር አድርጉ፤ ከ12 ቃል ባይበልጥ ጥሩ ነው። የምታጠኑትን ቃል የመጀመሪያ ሆሄውን ብቻ አስቀርታችሁ በሰረዝ ተኩት፤ ከሥሩ በአማርኛ ወይም በአፋን ኦሮሞ አንድ ትርጉም፣ እዚያ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ያለውን ብቻ። ከሁለቱ ቋንቋ የትኛው? ሳታስቡ ቀድሞ የሚመጣላችሁ።

አንድ ካርድ አብረን እንሥራ። ቃሉ «ዲራይቭ» ነው። ፊት ላይ፦ «የገበሬዎቹ አብዛኛው ገቢ ከቡና የሚገኝ ነው» የሚል የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር፣ ቃሉ በሰረዝ ተተክቶ፤ ከሥሩ «ከ... ማግኘት»። ጀርባው ላይ ቃሉ በሙሉ፣ ድምፁ ከፍ የሚልበት ክፍል ተሰምሮበት፤ እዚህ ሁለተኛው ክፍል ነው። «ግስ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ሁልጊዜ የሚከተለው መስተዋድድ «ፍሮም» መሆኑን ጻፉ፤ ሁለት ጎረቤቶቹን አክሉ፦ «ዲራይቭ ኢንካም»፣ «ዲራይቭ ቤኔፊት»። ከቤተሰቡ አንድ፦ «ዴሪቬሽን»፣ እዚህ ድምፁ ወደ ሦስተኛው ክፍል ይሸሻል። ማስታወሻ የሚሆን መንጠቆም አለ፤ የሒሳቡ «ዴሪቬቲቭ» ያው ቤተሰብ ነው፣ ከሌላ ፈንክሽን የተገኘ ፈንክሽን። በመጨረሻ የራሳችሁ አንድ ዓረፍተ ነገር፤ ስለምታውቁት ሰው ወይም ቦታ ቢሆን ይመረጣል። ከመዝገበ ቃላት የተገለበጠ ምሳሌ የማንም ስላልሆነ ቶሎ ይጠፋል።

አንድ ካርድ ለመሥራት ከ2 እስከ 3 ደቂቃ ይፈጃል፤ 7 ካርድ 20 ደቂቃ ነው። አምስት ትርጉም አንድ ካርድ ላይ የሚያጭቅ ሰው ሲከልስ ሦስቱን አስታውሶ ሁለቱን ይረሳል፣ ከዚያ «ልክ ነኝ ወይስ ተሳስቻለሁ?» ብሎ ይቸገራል። «ኮንትራክት» ሦስት ትርጉም ካስፈለገው ሦስት ካርድ ይሠራለት፣ በተለያየ ሳምንት።

ድምፁን በጆሮ፣ ከዓይን በፊት

አነባበብን በካርዱ ላይ በአማርኛ ፊደል አትጻፉ። ፊደላችን ለራሱ ድምፆች የተሠራ ነው፤ «ሺፕ» ብለን ስንጽፍ መርከብና በግ አንድ ይሆናሉ። «ቲንክ» ስንል ምላስ ጥርስ መሐል የሚገባበት ድምፅ ጠፍቷል። በ«ስ» ጀምሮ ሌላ ተነባቢ የሚከተለው ቃል ደግሞ አፋችን ውስጥ «እ» ይጨመርበታል፦ «እስኩል»፣ «እስትሪት»።

በቁቤ፣ ማለትም አፋን ኦሮሞ በሚጻፍበት የላቲን ሆሄ፣ ማንበብ ለተማረ ሰው ሌላ ወጥመድ አለ። የቁቤና የእንግሊዝኛ ሆሄ አንድ በመሆኑ እጅ ይፈጥናል፣ ታይፕ ማድረግም ይቀላል፤ ይህ ትልቅ ጥቅም ነው። ነገር ግን በቁቤ «ሲ» ተብሎ የሚጠራው ሆሄ ጭ፣ «ኤክስ» ጥ፣ «ኪው» ቅ ሆነው ይነበባሉ፤ አናባቢ ሲደጋገም ደግሞ ድምፁ ይረዝማል እንጂ አይለወጥም። ቁቤ እንደተጻፈ ይነበባል፤ እንግሊዝኛ ግን ለዚህ ሕግ አይገዛም። ድርብ «ኦ» ያለበትን ቃል በረጅም «ኦ» ያነበበ ተማሪ ቃሉን መጽሐፍ ላይ ያውቀዋል፣ መምህሩ አፍ ላይ ግን አያውቀውም።

መፍትሔው ቀላል ነው፦ አዲስ ቃል ጮክ ብላችሁ ከማንበባችሁ በፊት ሦስት ጊዜ ስሙት። የኦክስፎርድና የካምብሪጅ የተማሪ መዝገበ ቃላት ድረ ገጾች በነፃ ድምፅ ያሰማሉ። ኔትወርክ ባለበት ሰዓት የሳምንቱን 42 ቃል አንድ ላይ ሰምታችሁ ጨርሱ። አንድ ሕግ ደግሞ ብዙ ድካም ይቀንሳል፦ በ«ሽን»፣ በ«ኢክ» እና በ«ኢቲ» የሚያበቁ ረጃጅም ቃላት ከጥቂቶች በቀር ድምፃቸው ከፍ የሚለው ከዚያ ማብቂያ በፊት ባለው ክፍል ላይ ነው። «ኢኮኖሚ» ላይ ከፍ የሚለው «ኮ» ነው፤ «ኢኮኖሚክ» ላይ «ኖ»።

ክለሳ፦ ከአቦል እስከ ወር

ጀርመናዊው ሄርማን ኤቢንግሃውስ እ.ኤ.አ. በ1885 ባሳተመው ሙከራ እንዳሳየው ያጠኑት ነገር በብዛት የሚጠፋው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው፤ ከዚያ በኋላ መርሳቱ እየቀዘቀዘ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ሦስት ክለሳ ይፈልጋል። ጅማ ላይ ለዚህ የተሠራ የሚመስል ሰዓት አለ። ቡና ሲፈላ በአቦል ሰባቱን አዲስ ቃላት እዩ፣ በቶና ካርዱን ገልብጣችሁ ራሳችሁን ጠይቁ፣ በረካ ላይ የሳታችኋቸውን ብቻ ድገሙ። ጎረቤት ቢታዘባችሁም ግድ የለም።

ከማግስቱ ጀምሮ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ሰባስቲያን ላይትነር ያስተዋወቀው የሣጥን ዘዴ ይሠራል። ቆርቆሮውን በካርቶን ቁራጭ አምስት ክፍል አድርጉት። አንደኛው በየቀኑ ይከለሳል፣ ሁለተኛው በየ3 ቀኑ፣ ሦስተኛው በሳምንት አንዴ፣ አራተኛው በ2 ሳምንት፣ አምስተኛው በወር። የመለሳችሁት ካርድ አንድ ክፍል ወደ ፊት ይሄዳል። የሳታችሁት፣ አራተኛው ክፍል ላይም ቢሆን፣ ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። የሳምንቱን ክፍል ከአንድ ቋሚ ቀን ጋር እሰሩት፤ ሐሙስ፣ የጥንቱ የጅማ ሂርማታ ገበያ ቀን፣ ለማስታወስ አያስቸግርም።

«መለስኩ» የሚባለው ምን ሲሆን ነው? ካርዱ ሳይገለበጥ ቃሉን ድምፅ አውጥታችሁ ከተናገራችሁ፣ ከነመስተዋድዱ፣ በ5 ሰከንድ ውስጥ። «ምላሴ ላይ ነበረ» አይቆጠርም። ለራስ ማዘን እዚህ ይጎዳል።

በስልክ የሚመርጥ ሰው አንኪ የተባለውን ፕሮግራም ይጠቀም። የአንድሮይዱ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል፤ የአይፎኑ ግን በክፍያ ነው። ሲጫን በቀን 20 አዲስ ካርድ እንዲሰጥ ተደርጎ ይመጣል፤ መጀመሪያ የምትለውጡት ይህንን ነው፣ ወደ 7 አውርዱት። ሌሎች የሠሯቸውን የተዘጋጁ የካርድ ጥቅሎችም አታውርዱ። ካርዱን ስትሠሩ ግማሹን ተምራችኋል፤ የሌላ ሰው ካርድ ያንን ግማሽ ይነጥቃችኋል።

ስድስት ጊዜ ወደ መጀመሪያው ክፍል የተመለሰ ካርድ ሲኖር አትታገሉት። ወይ ዓረፍተ ነገሩ ደብዛዛ ነው፣ ወይ ከሌላ ተመሳሳይ ቃል ጋር ተምታቷል። ቅደዱትና በአዲስ ዓረፍተ ነገር ሥሩት። እንደገና ካስቸገረ ለሁለት ወር ተዉት።

የአማርኛ ጥላ

ከዚህ በላይ ያለው ሁሉ ቅድመ ዝግጅት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የላቀ እንግሊዝኛ ከመካከለኛው የሚለየው ቃል ከቃል ጋር በሚያደርገው ጋብቻ ነው፤ የአማርኛ ተናጋሪ የሚስተውም በብዛት እዚያው ነው፣ ምክንያቱም አማርኛ የራሱ ጋብቻ አለው።

ከቡና እንጀምር። እኛ «ወፍራም ቡና» እንላለን፤ «ቀጭን ሻይ» እንላለን። እንግሊዝኛው ቡናን «ስትሮንግ»፣ ሻይን «ዊክ» ይላል፤ ኃይለኛና ደካማ እንደማለት። «ቲክ ኮፊ» ያለ ሰው አድማጩ ገንፎ የመሰለ ነገር ያስባል። ቡና ቀማሾች «አሲዲቲ» ሲሉ ደግሞ በአብዛኛው እያመሰገኑ ነው፤ ቃሉን «ኮምጣጣነት» ብሎ ብቻ የያዘ ሻጭ ገዢው ቡናውን የነቀፈበት ይመስለዋል። በእሸት ቡና ማጠቢያ በየቀኑ የሚጠራው «ፓርችመንት» መጀመሪያ ትርጉሙ ብራና ነው፤ ፍሬውን የሸፈነው ደረቅ ገለፈት ብራና ስለሚመስል ስሙን ወሰደ።

«ጉንፋን ያዘኝ» ስንል ጉንፋኑ ነው ያዥው። በእንግሊዝኛ ሰውየው ነው ጉንፋኑን የሚይዘው፦ «አይ ኮት ኤ ኮልድ»። «ገረመኝ»፣ «ሰለቸኝ»፣ «ደከመኝ»ም እንደዚሁ ከውጭ ወደ እኔ የሚመጡ ናቸው፤ እንግሊዝኛ እነዚህን በ«ኢድ» በሚያበቃ ቅጽል ይይዛቸዋል። ለራሳችሁ እንዲህ ያዙት፦ እንዲህ ባለ የስሜት ቃል አማርኛው «-ኝ» ካለ እንግሊዝኛው በ«ኢድ» ያበቃል፤ አማርኛው «የሚገርም»፣ «የሚያሰለች» ካለ «ኢንግ»። «ሰለቸኝ» ለማለት «አይ አም ቦሪንግ» ያለ ሰው «እኔ አሰልቺ ነኝ» ብሎ ስለራሱ መስክሯል።

መስተዋድድ ላይ አማርኛ «ስለ» እና «ከ... ጋር» ይጨምራል፤ እንግሊዝኛ በብዙ ቦታ አይፈልገውም። «ዲስከስ» ላይ «ስለ» የሚለው ትርጉም ራሱ ውስጡ አለ፤ «አባውት» አያስከትልም። «ሜሪ»ም «ዊዝ» አይወድም። «ቲቪ ክፈት» ስለምንል «ኦፕን ዘ ቲቪ» ይወጣናል፤ ትክክለኛው «ተርን ኦን» ነው። «ዋጋው ውድ ነው» ብለን «ዘ ፕራይስ ኢዝ ኤክስፔንሲቭ» እንላለን፤ ዕቃው «ኤክስፔንሲቭ» ይሆናል፣ ዋጋው ግን «ሃይ»። ጥናት «ሜክ» አይደረግም፤ «ዱ» ወይም «ኮንዳክት» ይደረጋል። «ኢንፎርሜሽን»፣ «አድቫይስ»፣ «ኢኩዊፕመንት»፣ «ኢቪደንስ» የሚሉት አማርኛ ላይ «መረጃዎች»፣ «ምክሮች» ስለሚባሉ ብቻ የብዙ ቁጥር «ኤስ» አይለጠፍባቸውም፤ ይህ ስሕተት በመመረቂያ ጽሑፍ ውስጥ እንኳ ሞልቷል።

ጎረቤት ቃላትን የመሰብሰቢያው መንገድ ይህ ነው። ካርድ ልትሠሩለት የመረጣችሁትን ቃል ስታገኙ ግራና ቀኙን እዩ፦ ከፊቱ የትኛው ግስ ወይም ቅጽል አለ? ከኋላው የትኛው መስተዋድድ? ከዚያ የተማሪ መዝገበ ቃላት ውስጥ ምሳሌዎቹን አንብቡ፤ ደጋግሞ የሚመጣው ጎረቤቱ እሱ ነው። በሁለት አማራጮች መካከል ስትጠራጠሩ ሁለቱንም በየተራ በትምህርተ ጥቅስ ውስጥ አድርጋችሁ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ፤ ቁጥሩን ሳይሆን የሚመጡት ገጾች የማን እንደሆኑ ተመልከቱ። የታወቁ ጋዜጦችና መጽሔቶች የሚጽፉት የትኛውን ነው? እሱን ያዙ።

ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ መልሰው የሚሾልኩ የተውሶ ቃላትንም በአንድ ገጽ መዝግቡ። «ሰርቪስ» ለእኛ የሠራተኛ አውቶቡስ ነው። «ፕሮግራም አለኝ» ማለት ቀጠሮ ወይም ድግስ አለብኝ ነው። «ፖስታ» ደብዳቤ መክተቻው ነው፤ በእንግሊዝኛ ግን ሌላ ስም አለው።

ሥር፣ ቅድመ ቅጥያ፣ እና የሚያታልል ግምት

«ፖርት» መሸከም ነው። «ኤክስፖርት» ተሸክሞ ማውጣት፣ «ኢምፖርት» ተሸክሞ ማስገባት፣ «ትራንስፖርት» አሻግሮ መሸከም፣ «ፖርተብል» ሊሸከሙት የሚቻል፣ «ሪፖርት» ወሬን መልሶ መሸከም። ከ20 እስከ 30 የሚሆኑ የላቲንና የግሪክ ሥሮችን ማወቅ አዲስ ቃል ሲገጥም በሩን ገርበብ ያደርጋል። ለጤና ተማሪ ይህ አማራጭ ሳይሆን ግዴታ ነው፦ «ሄፓቶ» ጉበት፣ «ኔፍሮ» ኩላሊት፣ «ጋስትሮ» ጨጓራ፣ «ካርዲዮ» ልብ፤ ኋላቸው ላይ «አይቲስ» ከመጣ መቆጣት፣ «ኤክቶሚ» ከመጣ ቆርጦ ማውጣት ነው።

ግን ሥር ፍንጭ እንጂ ማስረጃ አይደለም። «ኢንቫልዩብል» ዋጋ ቢስ ይመስላል፤ ትርጉሙ ዋጋ የማይተመንለት ነው። «ኢንፍላመብል» የማይቀጣጠል ይመስላል፤ ቶሎ የሚቀጣጠል ማለት ነው፣ ይህን ነዳጅ በርሜል ላይ መሳት አደጋ አለው። ገምቱ፣ ከዚያ አረጋግጡ።

ሚዛን

ቃላት የበዛለት ሰው ቀጥሎ የሚሠራው ስሕተት ረጅሙን መምረጥ ነው። የሥራ ማመልከቻ ውስጥ «ዩዝ» በሚበቃበት «ዩቲላይዝ»፣ «ስታርት» በሚበቃበት «ኮመንስ» ይሞላል፤ አንባቢው የሚያየው እውቀት ሳይሆን ጥረት ነው። አጭሩ ሥራውን ከሠራ አጭሩ ይሻላል። ያው ሐኪም ለባልደረባው «ማዮካርዲያል ኢንፋርክሽን» ብሎ ለታካሚው «ሃርት አታክ» ይላል።

ከርዝመት ይልቅ የቃሉ ጠባይ ይከብዳል። ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙትን የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት ጅሬን ላይ ለጎብኚ የሚያሳይ አስጎብኚ «ዝነኛ ንጉሥ» ለማለት «ኖቶሪየስ ኪንግ» ቢል በክፉ ሥራ የታወቀ ማለቱ ነው፤ «ፌመስ» ወይም «ሪናውንድ» ማለት ነበረበት። «ችልድላይክ» የልጅ ቅንነት ነው፣ «ችልዲሽ» ስድብ። እንዲህ ያለ ጠባይ ያለው ቃል ካርዱ ጥግ ላይ የመደመር ወይም የመቀነስ ምልክት አድርጉበት።

ማውጣት

በሳምንት አንድ ቀን 150 ቃል ጻፉ። ከሦስተኛው ክፍል 6 ካርድ በዘፈቀደ አውጥታችሁ ስድስቱንም አስገቡ። ርእሱ ቀላል ይሁን፤ ቡና ከዛፍ እስከ ጆንያ እንዴት እንደሚደርስ ማስረዳት በቂ ፈተና ነው። ከሁለት ቀን በኋላ መልሳችሁ አንብቡት፤ ዓይን የሚቆረቁረውን ቦታ ሁሉ አስምሩና ጎረቤቱን በመዝገበ ቃላት አጣሩ።

ለንግግር ሦስት ጓደኛ ካላችሁ ይህን ሞክሩ፦ አንዱን ነገር ለመጀመሪያው ጓደኛ በ4 ደቂቃ፣ ለሁለተኛው ያንኑ በ3፣ ለሦስተኛው በ2 ደቂቃ ተናገሩ። ሐሳቡ ስለማይለወጥ አእምሮ ቃሉን ለማፍጠን ነፃ ይሆናል። ሦስት ሰው ካልተገኘ የስልክ መቅረጫ ይተካል።

በ10ኛው ሳምንት 420 ያህል ካርድ ይኖራችኋል። ከሁሉም ክፍል 40 አውጡ። ትርጉሙን 34 ካወቃችሁና በ24ቱ ወዲያው ዓረፍተ ነገር ከሠራችሁ በያዛችሁት ፍጥነት ቀጥሉ። ትርጉም ተርፎ ዓረፍተ ነገር ከ15 በታች ከሆነ ማውጣት ጎድሏችኋል፤ አንድ ሳምንት አዲስ ቃል አቁማችሁ ጻፉ። ትርጉሙ ራሱ ከ28 በታች ከወረደ በቀን 4 ቃል ይበቃችኋል።

ፈተና፣ በዓል ወይም ልቅሶ መጥቶ ሣጥኑ ሁለት ሳምንት ሳይነካ ቢቀር ሁሉንም በአንድ ሌሊት ለመከለስ አትቀመጡ። አዲስ ቃል አትጨምሩ። ከሁለተኛው ክፍል ጀምራችሁ በቀን 40 ካርድ ብቻ እዩ፤ የመጀመሪያውን ክፍል በመጨረሻ አድርጉት፣ እዚያ ያሉት ገና ያልጸኑ ስለሆኑ እንደ አዲስ መጀመራቸው አይቀርም። ቁልሉ ሲያልቅ በቀን 3 ቃል ጀምራችሁ ወደ 7ቱ ተመለሱ።